ካርቶኑ ሊሸፍነው የነበረ ፊት

ሰፈራችን ውስጥ የፎቶ ፍሬም የምትሠራውን ሴትዮ «ሚሊሜትር» ነው የምንላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ከሱቋ አጠገብ ጫማ ስጠግን ያረጀሁት ጎረቤቷ። መስታወት ስትቆርጥ ትንፋሿን ትይዛለች፤ አንድ ሚሊሜትር አትስትም። ደንበኛ ሲያጣድፋት «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች።

በቀደም አንድ ሠዓሊ ትልልቅ ፎቶዎች ይዞላት መጣ። የድሮው መንግሥት ሰላዮች ተደብቀው ያነሷቸው ናቸው፤ ስንት ዘመን ተቆልፎባቸው ኖሮ ገና አሁን ለሕዝብ ተፈቀዱ። እሱ ደግሞ የሰዎቹን ፊት በጥቁር ቀለም ሸፍኖታል። «መደበቃቸው እንዲታይ ብዬ ነው» አለን። እውነቱን ለመናገር አልገባኝም።

በአንዱ ፎቶ ጠርዝ ላይ ግን ቀለም ያልነካው ጎረምሳ ቆሟል። ከመስታወቱ ሥር በፎቶው ዙሪያ የሚገባው ካርቶን ይሸፍነዋል ብሎ ሠዓሊው ትቶታል። ሚሊሜትር ልትለካ ጎንበስ እንዳለች ማስመሪያው ከእጇ ወደቀ። ወንድሟ ነው።

ይህ ወንድሟ በዚያ መንግሥት ጊዜ አንድ ቀን ከቤት እንደወጣ በዚያው ቀረ። ቤተሰቡ ፍተሻ ፈርቶ ፎቶዎቹን አንድም ሳያስቀር አቃጠለ፤ ክብሪቱን የጫሩት እናቱ ናቸው። ዛሬ መልኩ ጠፍቶባቸው «አፍንጫው እንዴት ነበር?» እያሉ ሚሊሜትርን ይጠይቃሉ።

ነገሩን ነግራው ፊቱ ይታይ ብትለው «ኮፒ ልስጥሽ» አላት ሠዓሊው። «የእሱ ፊት ብቻ ከታየ ሥራዬ ይበላሻል።»

«ኮፒውንም እወስዳለሁ። ግን አንዴ በእጃችን አቃጥለነዋል፤ አሁን ደግሞ እኔው በካርቶን ልሸፍነው?»

ሠዓሊው ክፉ ሰው አይደለም። «በይ፣ እንዲታይ አድርገሽ ቁረጪው። መጀመሪያ እናትሽ ይዩት» አላት። ሚሊሜትር ካርቶኑን አጣማ ቆረጠችው። አልቀለድኩባትም።

ፍሬሙን ተጋግዘን እናትየው አልጋ ላይ አስደገፍነው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው አፍንጫውን በመስታወቱ ላይ ደጋግመው ዳሰሱት።

«ከስቶ ነበር ለካ» አሉ። ቀጥለውም «ማነው ያነሳው?»

እኔ ልዋሽ ነበር፤ ሚሊሜትር ግን ቀደመችኝ። «ሲከታተሉት የነበሩት ናቸው፣ እማዬ።»

እኚህ ሴት እነዚያን ሰዎች ሲረግሙ ነው ያረጁት።

«ያነሳው እጅ ይባረክ» አሉ።