ለፎቻ ሽርሽሬ የተቀመጠው ወዳጃ

በዚህ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴ ቅዳሜ ሲመጣ ከምማርባት ከተማ ከኢዝሚር በሚኒባስ እነሣና በባሕሩ ዳርቻ ካሉት ከተሞች አንዱን አይቼ እመለሳለሁ። ኡርላን አይቻለሁ፤ አይቫሊክንም አይቻለሁ። አገሬ ከሚሴ ሳለሁ የማውቀው ትልቅ ውሃ ክረምት ላይ የጨፋን ሜዳ የሚያጥለቀልቀው የቦርከና ወንዝ ነበር። ስለዚህ ማዶው የማይታይ ውሃ ፊት በቆምሁ ቁጥር ትቼው መሄድ ያቅተኛል።

ለእናቴ ግን ስለ ባሕር አንሥቼባት አላውቅም። ታላቅ ወንድሜ በባቲ በኩል ወርዶ ባሕር የተሻገረ ጊዜ ወሬው ጠፍቶ ብዙ ወር ተጨንቀናል። ዛሬ ጅዳ በሰላም ይሠራል። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ ባሕር ሲባል ደም ግፊቷ ይነሣባታል። "አንቺስ በአውሮፕላን ነው የሄድሽው፣ አልሐምዱሊላህ" ትለኛለች። እኔም እንዳትታመምብኝ ፎቶ የምነሣው ኮረብታው ከጀርባዬ እንዲታይ አድርጌ ነበር።

ፎቻ ወደምትባለው የዓሣ አጥማጆች ከተማ የሄድን ቀን ግን ጀልባ ላይ ወጣን። አብራኝ የምትኖረው ተማሪ ላይፍ ጃኬት እንደለበስሁ ፎቶ አነሣችኝ። ደስታው አሸነፈኝና ለታናሽ እህቴ በኢሞ ላክሁላት። ወዲያው የስልኬ ባትሪ አለቀ።

አመሻሽ ላይ ማደሪያዬ ገብቼ ስልኩን ስከፍተው ከቤት ደጋግመው ደውለዋል። በቪዲዮ ደወልሁ። ቤታችን በሰው ተሞልቷል። ጭንቅ ሲመጣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ዱዓ እንደሚያደርገው፣ ለእኔ ወዳጃ ተቀምጠዋል።

"የት ወረድሽ?" አለች እናቴ።

"ማደሪያዬ ነኝ፣ እማ።"

"የየት አገር ማደሪያ?"

"ያው የኢዝሚሩ። ለሽርሽር ሄጄ ተመለስሁ።"

"ጀልባ ወጥቶ የተመለሰ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?"

በእኛ ሰፈር ጀልባ የወጣ ወይ ይሻገራል ወይ ባሕር ውስጥ ይቀራል። ስልኩን ይዤ እየዞርሁ አልጋዬን፣ የኬሚስትሪ መጽሐፌን፣ የጣድሁትን ምስር አሳየኋት። ጓደኛዬም ብቅ ብላ "አሰላሙ አለይኩም" አለቻት። እናቴ ይኼኔ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። "አልሐምዱሊላህ! ያ ረቢ፣ አልሐምዱሊላህ!"

"ማል ጄቲ? ምን አለች?" አሉ አንዲት ጎረቤታችን ከኋላ።

"ለሽርሽር ነው አለች" አለቻቸው እናቴ።

"ሽርሽር! እኔ ባሕሩን ተሻግራ ግሪክ ገባች ብዬ ዓይኔ እስኪያብጥ ሳለቅስ! ለመዝናናት ጀልባ የሚወጣ ሰው ጤነኛ ነው?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንዳንዱ ሊነሣ ሲል ዱዓውን የሚመሩት ሽማግሌ ከለከሉ። "ቁጭ በሉ እንጂ! ለጭንቁ ተሰብስበን ለደስታው ልንበተን ነው? ጫቱም ገና ነው።" ዱዓው ወደ ምስጋና ዞረ። እኔም አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እጆቼን ዘርግቼ ከእነሱ ጋር "አሚን" አልሁ። ዓመቱን ሙሉ ደረቴ ላይ የተጫነኝ ነገር ሲለቀኝ ተሰማኝ።

ሲጨርሱ እናቴ ስልኩን ይዛ ጓዳ ገባች። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

"ተይ አልልሽም" አለች። "ግን ስትወጪም ስትመለሺም ደውይልኝ።"

"እሺ፣ እማ።"

"አብሽሪ።" ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። "ለመሆኑ እዚያ ምን አለ?"

አፌ ላይ የተጠራቀመውን ሁሉ አወራኋት፤ በር ላይ ተቀምጠው መረብ የሚጠግኑትን ሽማግሌዎች፣ ጨው የበላቸውን ግድግዳዎች፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሲመጡ እንደ ገበያተኛ ተሰልፈው የሚጠብቁትን ድመቶች። ድመቶቹ ላይ ስደርስ ሳቀች።