ወንዝ ውስጥ የከረመ ቀርከሃ

የቤታችን ምሰሶ በጣት አንጓ ሲንኳኳ እንደ አጥንት ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። ቋ። ዛሬ ጠዋትም አንኳኳሁት። ስድስት ክረምት አልፎበታል፤ ጭስ አጠቆረው እንጂ ቅንጣት ዱቄት አልወጣውም። ድምፁን በሰማሁ ቁጥር የቆረጠው ሰው ደጅ ቆሞ ገጀራውን የሚስል ይመስለኛል። የቆረጠው ወንድሜ ነው። ከሞተ አምስት ወሩ።

ከየት እንደምጀምርልህ አላውቅም። ከመጣንበት ቀን ልጀምር።

አሶሳ የደረስነው በጥር ነበር። እኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ፣ እሱ ሃያው። አባታችን ከድርቁ በፊት ሞቷል። እናታችን ደግሞ ወሎ መጠለያው ውስጥ ትኩሳት ያዛትና፣ አውቶቡስ ላይ ስንወጣ «እሷ በሚቀጥለው ዙር ትመጣለች» ብለው አስቀሯት። ወንድሜ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አብሽሪ! ቤት ሠርቼ እጠብቅሻለሁ!» ብሎ ጮኸላት። የሰማችው አልመሰለኝም።

ከአውቶቡሱ ስንወርድ መጀመሪያ ያገኘን የተቃጠለ ሳር ሽታ ነው። ከሰው ቁመት የሚበልጠው ሳር በየኮረብታው ይነድድ ነበር፤ ጥቁር አመድ እየተንሳፈፈ ጋቢያችን ላይ ያርፋል። ሙቀቱ በአንገት ገብቶ በእግር የሚወጣ ነው። መንደሩ ስም አልነበረውም። በቆርቆሮ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነበረው፣ አምባ ይሉታል። ቀድመው የተሠሩት ጎጆዎች በባለትዳሮች ተሞልተዋል። እኛን ከወንደላጤዎች ጋር አንድ ረጅም ዳስ ውስጥ አስገቡን።

መዝጋቢው ብዕሩን ጆሮው ላይ የሰካ ቀጭን ሰው ነበር። ወንድሜ ስለ እናታችን ሲጠይቀው ከወረቀቱ ቀና ሳይል መለሰለት።

«ቤት ያለው ቤተሰቡን እዚሁ ይቀበላል። ቤት የሌለው ቤተሰቡ ባዶ ቤት ወዳለበት አምባ ይመደባል።»

«የት ነው እሱ?»

«እኔ ምን አውቄ? ሩቅም ሊሆን ይችላል።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። «ሰማህ? ቤት ነው የጠየቀን። ቤት ደግሞ እኔ አላውቅም?»

እውነቱን ነው፣ ያውቃል። አገራችን ድንጋይ ሲክብ ውኃ የማያሳልፍ ልጅ ነበር። እዚህ ግን ድንጋይ ያለው ወንዙ ውስጥ ብቻ ነው። ዙሪያውን የሚታየው ሁሉ ቀርከሃ ነበር፤ ለእኛ ደግሞ ቀርከሃ ማለት ቅርጫት ነው። ጠዋት የጋራ እርሻው ላይ እንውልና ከሰዓት ጫካ እንገባ ነበር። ወንድሜ ባሕር ዛፍ እንደሚመረጥ መረጠ፤ ቀጥ ያለውን፣ ለስላሳውን፣ አረንጓዴውን። ገጀራ በአንድ ምት ይቆርጠዋል። ላዩ ላይ ነጭ ብናኝ ነበረው፣ መዳፌ ላይ እንደ ጠመኔ ይቀራል። በሃያ ቀን ቤቱ ቆመ። እንዴት እንደሚያምር! ጭቃው እስኪለሰን ድረስ ግድግዳው የበቆሎ ማሳ ይመስል ነበር። ወንደላጤዎቹ እየመጡ አዩት። ወንድሜ ደጁ ላይ እጁን አጣምሮ እንደ ባላባት ቆመ።

አንድ ቀን ወደ ወንዝ የሚወርዱ የበርታ ሽማግሌ ቆም አሉ። እኛም እንደሳቸው «አሰላሙ አለይኩም» ስላልን ደስ አላቸው። ከዚያ ምሰሶውን በጣታቸው አንጓ አንኳኩ። ጆሯቸውን አስጠጉ። እንደገና አንኳኩና ሳቁ፤ ጥርስ በሌለው አፍ፣ እስኪያስላቸው።

«ያ ወለድ፣ ልጄ፣ ይቺ ቀርከሃ ልጅ ነው። ወላሂ ልጅ ነው። አምና መጥተሽ ቢሆን በድስት ትበላዋለሽ። ቤት አይደለም። ወጥ ነው!»

የቀርከሃ ቡቃያ እዚህ በክረምት እንደሚበላ ያኔ አናውቅም። ወንደላጤዎቹ ግን ወጥ የሚለውን ሰምተዋል፣ ወንድሜን አንቺ ማለታቸውንም ሰምተዋል። ሳምንቱን ሙሉ «እሜቴ፣ ወጡ ደረሰ?» እያሉ አደረቁት። ወንድሜ ተቆጣ። «ሟርተኛ ሽማግሌ» አለ።

መጋቢት ላይ አንድ ጠዋት ስነቃ ሽፋሽፍቴ ላይ ዱቄት አገኘሁ። የእርዳታ ስንዴው መስሎኝ ጠረግሁት። በማግስቱም ነበር። ቀና ስል ማገሩ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ አየሁ፤ ጸጥ ካልኩ ቅርጥ፣ ቅርጥ የሚል ድምፅም ይሰማኛል። ነቀዝ ነው። ለወንድሜ መንገር ከበደኝ። ከሱ ቀድሜ እየተነሳሁ ወለሉን በቅጠል እጠርግ ጀመር። አንድ ሳምንት ያህል እንዲህ አደረግሁ። አንድ ቀን ስነሳ እሱ ቀድሞኝ እየጠረገ አገኘሁት።

«አይተሃል እንዴ?» አልኩት።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።» መጥረጊያውን ጣለ። «ዝናብ ሲመጣ እናታችን ላይ ነው የሚወድቀው።»

ከዚያ ትንሽ ጨው በጨርቅ ቋጠረና ወደ ሽማግሌው መንደር ሄድን። ሲደርስ አላቅማማም። «አባቴ፣ ወጥ ነው ያሉት ልክ ነዎት። ቤት ያስተምሩኝ» አለ። ሽማግሌው አልሳቁም። ጨውን ተቀብለው ገጀራቸውን አነሱ።

አሮጌውን መምረጥ አስተማሩን፤ ቢጫ የሆነውን፣ ሽበት የሚመስል ነጠብጣብ ያለበትን፣ ሲንኳኳ ቋ የሚለውን። መልኩ አያምርም። ገጀራ ይመልሳል። ተቆርጦ ደግሞ ለአንድ ጨረቃ ወንዝ ውስጥ ይከርማል፣ ነቀዝ የሚወድደው ጣፋጩ ታጥቦ እንዲወጣ። «ሰብር» አሉ ሽማግሌው፣ ትዕግሥት ማለታቸው ነው። «ቤት ከሰብር ነው።»

ችግሩ ውኃው ነበር። ሌሊት ከላይ አገር ዘንቦ ወንዙ የመጀመሪያውን እስር ወሰደው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ወንድሜ ሱሪውን ሰብስቦ ወንዙ ውስጥ ገባ። ድንጋይ አየ፣ ሌላ ድንጋይ አየ። እስከ ማታ ካብ ካበ፣ እንደ አገራችን፣ ውኃው በላዩ እያለፈ ቀርከሃው ግን እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ። መጨረሻ ላይ ካቡን የሚዘጋ አንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ለሁለት ነው የሚነሳው። እሱ ከባዱን ጎን ያዘ፣ እኔን ወደ ቀላሉ ላከኝ። «በል!» አለ፣ አነሳን። ሽማግሌው ካቡ ላይ ወጥተው ዘለሉበት። አልተነቃነቀም። በማግስቱ የልጅ ልጆቻቸውን አምጥተው አሳዩአቸው።

ጨረቃዋ ሞልታ አዲሱን ቤት ስንጀምር ግን መዝጋቢው ደረሰ። እናታችን ያለችበት አውቶቡስ በሁለት ቀን ይገባል። የአዲሱ ቤት ምሰሶዎች ብቻ ቆመዋል። ወንድሜ እንዳላያቸው ሆኖ አልፏቸው መዝጋቢውን ወደ አሮጌው ቤት መራው፣ ወደ ወጡ። ከውጭ ሲያዩት አሁንም ያምራል።

«ይሄ ነው ቤትህ?»

«አዎን ጌታዬ።»

መዝጋቢው ገብቶ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ወረቀቱን አስደግፎ ለመጻፍ እጁን ወደ ምሰሶው ዘረጋ።

«አይደገፉ ጌታዬ!» አለ ወንድሜ። «ጭቃው አልደረቀም፣ ልብስዎን ያበላሽብዎታል።»

ሰውዬው እጁን ሰበሰበ። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ። እየወጣ «ጎበዝ ነህ፣ ጠንካራ ቤት ነው» አለ። ከኮረብታው እስኪሰወር ጠበቅን። ከዚያ ወንድሜ ምሰሶውን በአንድ ጣት ገፋው፣ ገጭ አለ። መሬት ላይ ተቀምጠን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

እናታችን ስትመጣ በጣም ከስታ ነበር። መጀመሪያ ያደረገችው አዲሱን ምሰሶ በመዳፏ መዳሰስ ነው። ቤቱ ገና ክዳን እንኳ አልነበረውም።

«ማን መረጠው?» አለች።

«እሱ» አለ ወንድሜ፣ እኔን እያሳየ። ውሸቱን ነው። እናቴ ግንባሬን ሳመችኝ። እስከ ዛሬ አላረምኳትም።

ዝናቡ ሲገባ ከክዳኑ በታች ነበርን። ከዚያ በኋላ ይህ አገር አገራችን ሆነ። ማንም አልሰጠንም፣ ሠርተነው ነው። እኔ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማርኩ፣ እሱ «አታቋርጥም» ብሎኝ። ወንደላጤዎቹ ቤት ሲሠሩ ቀርከሃውን እየተሸከሙ ወደሱ መጡ፣ እሱም እያንኳኳ «ይሄ ወጥ ነው፣ መልስ» ይላቸው ነበር።

ባለፈው ነሐሴ ወባ ያዘው። በአራተኛው ቀን መንገዱ ጭቃ ሆኖ በቃሬዛ ይዘነው ወጣን፤ ቃሬዛው ራሱ የቆረጠው ቀርከሃ ነው። «አብሽር» ይለኛል፣ እሱ ተኝቶ እኔ ተሸክሜ። ክሊኒኩ ሳንደርስ ዝም አለ። ሽማግሌው ለቀብር መጡ። ምሰሶውን አንኳክተው ቁጭ አሉ።

ሊያገባ አስቦ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ለአዲሱ ክፍል የሚሆኑትን ቀርከሃዎች መርጦ በገጀራ ምልክት አድርጎባቸዋል። እናቴ «ይቅር» አላለችም። «ክፍሉን ሥራው» አለችኝ። ትናንት ጫካ ገብቼ ምልክት ያለባቸውን ቆረጥኩ። አንዱንም አልተሳሳተም። አስሬ ወንዝ አወረድኩ።

ካቡ እንዳለ ነው። አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። እስሩን አስገባሁ፣ ትናንሾቹን ድንጋዮች ጫንኩ። ጠፍጣፋው ቀረ። ጎንበስ ብዬ ያዝኩት።

ትንሽ ቆይቼ ነው ያወቅሁት። ቀላሉን ጎን ይዤ፣ «በል» እስኪለኝ እየጠበቅሁ ነበር።