የካሴቱ አደራ

እናቴ ደሴ ላይ ያረፈችው ሚሊኒየሙን ባከበርን በመንፈቁ፣ የካቲት ውስጥ ነው። እኔ ኦስሎ ነበርኩ። የመኖሪያ ፈቃዴ ለእድሳት ገብቶ ስለነበር፣ ከአገር ከወጣሁ መመለሻ አልነበረኝም። ቀብሯን በስልክ ሰማሁ። ላምበርትሴተር ሰፈር የተከራየሁት የምድር ቤት ክፍል አልጋዬንና እኔን እንጂ ለቀስተኛ የሚይዝ አልነበረም፤ ባለቤቶቹም ሳስነጥስ እንኳ ከላይ የሚሰሙኝ ነበሩ። እዚያ ውስጥ ማልቀስ አልቻልኩም። ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ ገብቼ፣ የአረጋውያን መጦሪያውን ኮሪደር እየወለወልኩ ዋልኩ።

ቤቷ ወስዳ ያስለቀሰችኝ እትዬ የምላት ሴት ናት። አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ ከእኔ በሃያ ዓመት የምትበልጥ ኤርትራዊት ናት፤ ባርነሃገ በሚሉት የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ልጆች ስትጠብቅ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ስንተዋወቅ እርስዎ ብላት፣ በዚህ አገር ሚኒስትሩም አንተ ነው ብላ አስተወችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ አልኳት፣ እትዬ ማለቱን ግን አልተውኩም። የኮሙኑን፣ የማዘጋጃ ቤቱን ደብዳቤ የምታነብልኝ እሷ፣ የበረዶ ጫማ ያስመረጠችኝ እሷ፣ ሥራውንም ያገኘችልኝ እሷ ነበረች። ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው ውለታዋን ለመካድ የቸኮልኩ እንዳይመስል ነው።

ቤቷ ሊንደሩድ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሶፋውን ወደ መኝታ ቤት ገፍታ ፍራሽ አነጠፈች። ኖርዌይ ውስጥ፣ ቤት ጫጫታ የሚኖርበት ከሆነ ለጎረቤት ማስታወቂያ ደረጃው ሥር ይለጠፋል። ሰዉ ለልደት ይለጥፋል፣ እትዬ ለለቅሶ ለጠፈች። ከታች የሚኖሩት ኖርዌጂያን አሮጊት በሩ ላይ ሻማ አብርተው አስቀምጠው ሄዱ። ቅዳሜ ከሰዓት ሴቶቹ መጡ፤ የወሎ ልጆች፣ የአዲስ አበባ ልጆች፣ የእትዬ የአስመራ ጓደኞች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ።

ሙሾ ማውረድ በሃይማኖታችን አይወደድም። እናቴ ግን የሰፈሩ ሁሉ አልቃሽ ነበረች፤ ሼኹ እየተቆጧትም ጎረቤት ሲሞት ሰዉ መጀመሪያ የሚልከው ወደ እሷ ነበር። ለሰው ሁሉ ስታወርድ ኖራ ለራሷ የሚያወርድላት ልጅ ጠፋ የሚለው ነገር አልዋጥልኝ አለ። ታላቅ እህቴም በስልክ፣ ለቀስተኛው ሁሉ የውጭዋስ አለቀሰች ወይ እያለ ይጠይቀኛል፣ ምን ልበል አለችኝ። በእኛ ዘንድ ማን እንዳለቀሰና ምን ብሎ እንዳለቀሰ አይረሳም። ስለዚህ በሩን ዘግተን፣ በሴቶች መካከል፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ሙሾ አወረድኩ።

የጦሳ ደመና ሲወርድ በማለዳ፣
እማ ማን ሸፈነሽ ልጅሽ ሆና እንግዳ።

ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ወጣ። እትዬ ትልልቅ ቁልፎች ያሉትን የድሮ ቴፗን ፍራሹ አጠገብ አስቀምጣ ትቀዳ ነበር። እኔው ነኝ የለመንኳት፤ ለእህቴ የሚላክ አንድ ካሴት። ሲያበቃ ካሴቱን አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። የሚሄድ ሰው አለኝ፣ በእጁ ነው የማስይዘው አለችኝ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ? ደጋግሞ መጠየቅ እንኳ ነውር መሰለኝ።

ከወር በኋላ አንድ ጊዜ ጠየቅኳት። ድስቷን እያማሰለች፣ እንደ ኖርዌጂያኖቹ ያ፣ ያ፣ አዎ፣ ሰጥቼዋለሁ አለችኝ። እህቴ ግን ስደውልላት ስለ ካሴቱ ቃል አትተነፍስም። እኔም ደረሰሽ ወይ አላልኳትም። ሰምታው አልጣማት ይሆናል፣ ከእናታችን ሙሾ ጋር አስተያይታ ንቃው ይሆናል እያልኩ በውስጤ ስብሰለሰል ከረምኩ። ኩራተኛ ነኝ፣ ይሄ ድሮም የማይለቀኝ ጠባዬ ነው። እሷ ደግሞ ለእናቷ ሳታለቅስ ቀረች ብላ ተቀይማኝ ኖሯል። ሁለት ኩራተኛ እህትማማቾች በስልክ ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ዋጋ እያወራን በጋውን ጨረስነው። መጨረሻ ላይ እሷ ስልኩን ማንሳት ተወች።

መኸር ገባ። ኦስሎ ውስጥ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ሰዉ ቤቱ ገብቶ ከመዘጋቱ በፊት የሚያከብረው ነገር አያጣም። በየሰፈሩ ፌስቲቫል ነው፤ የፊልሙ፣ የሙዚቃው፣ የዱባ ሾርባው ሳይቀር። እኛ መኸርን የምንደሰትበት ሰብሉ ሲገባ ነው፣ እነሱ ጨለማው ሲገባ ይደሰታሉ። ዒድ ባለፈ በሁለተኛው ቅዳሜ በእትዬ ሰፈር ባለ አንድ አዳራሽ ውስጥ የባህል ቀን ተዘጋጀ፣ የሀበሻውን ተራ የያዘችውም እትዬ ነበረች። ኖርዌጂያኗ አስተባባሪ ኪቦርድ ያለበት ዘፈን አይሁን፣ እውነተኛ ነገር ይሁን ብላ አጥብቃ ጠይቃታለች። እትዬ ይሄንን እየሳቀች ነገረችኝ፣ እውነተኛ ነገር ከፈለጉስ አለኝ አለች። ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። የእኔ ድርሻ ሳምቡሳ ነበር።

በዕለቱ አዳራሹ ጢም ብሏል። የቺሊ ሰዎች ጊታር መቱ፣ የሶማሌ ሴቶች ጨፈሩ፣ እኔ ነጭ በነጭ ለብሼ ትሪ ይዤ በወንበሮቹ መሐል አዞራለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሳምቡሳዬን የቀመሰ ሁሉ ሁለተኛ ያነሳ ነበር። ከዚያ መብራቱ ደብዘዝ አለና ስድስት ልጃገረዶች ሀበሻ ቀሚስ ለብሰው መድረክ ላይ ወጡ። እዚያው የተወለዱ ናቸው፣ አማርኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። ከድምፅ ማጉያው አንዲት ሴት ትንፋሿን ስትስብ ተሰማ።

እግሬ ሳይታሰር ወረቀት አሰረኝ፣
የእናቴን ቀብር ሰው በስልክ ነገረኝ።

ልጆቹ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው እየተራመዱ፣ ጫፍ ላይ ሲደርሱ እየዞሩ ጥለታቸውን አሳዩ። አንዷ ትከሻዋን ሰበቅ ሰበቅ አደረገች። ካሴቱ ላይ ሴቶቹ ተቀብለውኝ እኔ ሙሾውን እንደገና ሳነሳ፣ ከፊት ወንበር ላይ አንድ ሰውዬ በምቱ ማጨብጨብ ጀመረ። ኖርዌጂያኖች አንድ ሰው ካጨበጨበ አያስቀሩትም፤ አዳራሹ በሙሉ እኩል ያጨበጭብ ጀመር። የለቅሶው ዕለት እትዬ ቤት ከነበሩት መካከል አራት አምስቱ እዚያ ነበሩ፤ መሬት መሬት ያያሉ። አንዷ ተነስታ ፊቴን ሳታይ ትሪውን ከእጄ ወሰደችው። ድምፄ የተሰበረበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጭብጨባው ባሰ። ሲያልቅ ሰዉ ከመቀመጫው ተነስቶ ብራቮ አለ። እናቴን ከመቃብር አውጥተው ያስጨፈሯት መሰለኝ።

እትዬ አዳራሹ ጀርባ ካለው ወጥ ቤት መጥታ አገኘችኝ፣ ጉንጯ ቀልቷል።

"አየሽ እንዴት እንደወደዱት?"

"ለእህቴ ልኬዋለሁ ያሉኝ ካሴት እዚህ ምን ይሠራል፣ እትዬ?"

በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሩቅ ሰው አከበርኳት። ፊቷ ተለወጠ፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አልላከችውም። ሰውዬው ከመሄዱ በፊት በነበረው ቀን አንድ ጊዜ ልስማው ብላ ከፈተችው። የሷ እናት አስመራ የሞቱት መንገዱ በተዘጋበት ዘመን ኖሯል፤ እንደ እኔ በስልክ እንኳ አልሰማችም፣ መርዶው የደረሳት ከዓመት በኋላ በደብዳቤ ነው። ያኔ የሕፃናቱን ዳይፐር ስትቀይር ዋለች እንጂ አላለቀሰችም። በእኔ ድምፅ ግን አለቀሰች። ሰውዬው ሄደ፣ ካሴቱ ቀረ፣ እሷም እሑድ እሑድ እየከፈተች ለእናቷ ታለቅስበት ጀመር።

"ስንት እሑድ ሰማሁት መሰለሽ? እየቆየ ሙሾነቱ ጠፋኝ፤ ዘፈን ሆነብኝ። ደግሞስ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለማን ገባው?"

"ለእኔ" አልኳት።

ስትነግረኝ ልቤ ትንሽ ራርቶላት ነበር፣ አልዋሽም። ካሴቱን አቆይታ ብታለቅስበት ኖሮ ይቅር እላት ነበር። ግን ሰጥቼዋለሁ ብላኛለች። እኔ በእህቴ ቂም ይዤ፣ እህቴ በእኔ ቂም ይዛ፣ እሷ ግን የሁለታችንንም ቂም እያወቀች ድስቷን ታማስላለች። ስልክ አላነሳ አለችኝ ብዬ ሳማርር ማን ነበር ጀርባዬን ሲደባብስ የነበረው? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ከፈረሱ ይልቅ የሚያናድድሽ ራስሽ ማመንሽ ነው። ካሴቱን ስጪኝ አልኳት። ድምፁን የሚቆጣጠረው ሰው ጋ ነው አለች። ሰውዬውን ብጠይቀው ነጭ ለለበሰች ሴትዮ ሰጥቻታለሁ አለኝ። በዚያ ቀን ነጭ ያልለበሰች የሀበሻ ሴት አልነበረችም። አንድ በአንድ ጠየቅናቸው፣ እትዬም አብራኝ ጠየቀች፣ ሰኞ ተመልሼ የሽቦ ሳጥኖቹን ሳይቀር አስበረበርኩ። ካሴቱ ጠፋ።

የቀረው ነገር ቪዲዮው ብቻ ነበር። አዘጋጆቹ ዝግጅቱን ቀርፀው ለየቡድኑ አንዳንድ ዲቪዲ ሰጡ። የእኛን ቡድን ድርሻ ከእትዬ በሌላ ሰው አስመጣሁት። ልጆቹ ወገባቸውን ይዘው ሲዞሩ እህቴ እንድታይ አልፈለግኩም፤ ስለዚህ ግሮንላንድ በሚባለው የኦስሎ ሰፈር ጤፍና በርበሬ ከሚሸጥ፣ ጓዳው ውስጥ ደግሞ ካሴት ከሚቀዳ የወሎ ሰው ዘንድ ወስጄ ድምፁን ብቻ አስቀዳሁት። ጭብጨባውን ማውጣት ይቻላል ወይ አልኩት። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና ከድምፅሽ ጋር አንድ ሆኗል፣ አይወጣም አለኝ። ካሴቱ ዞሮ እስኪያልቅ አቀርቅሮ ቆየ። አላህ ይርሐማት አለኝ፤ በዚያ ሁሉ ወር በዚያ ሙሾ ላይ መባል ያለበትን ነገር ያለልኝ እሱ ብቻ ነው። ካሴቱን ወደ አገር ቤት ለምትሄድ የሥራ ባልደረባዬ በእጇ ሰጠኋት።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት ስልኬ ጠራ፤ እህቴ ናት። ራሷ ስትደውል ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ስታለቅስ ቆየች። ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ አሰምታለች፤ ሰዉ ልክ እናቷን ነው የወጣችው ብሏል። ዘጠኝ ወር የታሰረው ነገር ተፈታና ሁለታችንም አለቀስን።

"የሚያጨበጭበው ግን ማነው?" አለችኝ።

ይሄ ጥያቄ እንደሚመጣ ካሴቱን ከሰጠሁ ጀምሮ አውቅ ነበር። እውነቱን ብነግራት እናታችን ሁለት ጊዜ ትቀበራለች።

"ደረታቸውን የሚደቁ ሴቶች ናቸው" አልኳት።

"መጨረሻ ላይ የሚንሿሿውስ?"

"ዝናብ ነው። ያን ዕለት ኃይለኛ ዝናብ ነበር።" የካቲት ላይ ኦስሎ ዝናብ ሳይሆን በረዶ እንደሚወርድ እህቴ አታውቅም።

ያን ያህል ሴት ባዕድ አገር ውስጥ አብሮኝ ደረቱን መድቃቱ ገረማት፤ እኔ ብቻዋን ናት እያልኩ ስበሳጭ ነበር አለችኝ። ለቅሶውን ቤቷ ያስቀመጠችልኝ ሴትዮ ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ። ኤርትራዊት ናት፣ እናቷ አስመራ ሞተውባት እሷም አልቀበረችም አልኳት። እህቴ ረጅም መረቀቻት፤ በደሴ ምርቃት፣ እናታችን በምትመርቅበት አመራረቅ።

"ምስጋናዬን አድርሺልኝ፣ አደራ" አለችኝ።

እሺ አልኳት። ከእትዬ ጋር ዛሬም ለቅሶና ሰርግ ላይ እንገናኛለን፣ ሰላምታ አናጣም። ያንን አደራ ግን እስከ ዛሬ አላደረስኩም።