አልከፈት ያለው የዕቃ መጫኛ

ወደ ናይሮቢ የሚወርደው አውቶቡስ አራት ሰዓት ላይ ይነሳል። የልጄ ሻንጣ ከነትምህርት ማስረጃዎቿ መኪናዬ ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተቆልፎበታል። ጠዋት ሁለት ተኩል ነው። ቁልፉ ይገባል፣ ግን ንቅንቅ አይልም።

መኪናዋ ልጄን በዕድሜ ትበልጣታለች። ከሞያሌ ወደ ኦዳና ጎዶማ መንደሮች ሰው እያመላለስኩ ልጄን ያሳደግኩት በእሷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ልጄ ብቻ ነን። ዛሬ ደግሞ እሷ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው።

እዚህ አገር አቧራ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ስለዚህ እኔም እንደ ከተማው ሾፌር ሁሉ፣ ዓርብ ዓርብ የመኪናዬ የቁልፍ ቀዳዳዎች ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጠብ አደርጋለሁ። ለመኪና እንደኔ የሚጠነቀቅ የለም እያልኩም እኮራለሁ። ከጎረቤት ጋራዥ የጠራሁት ቦረናው መካኒክ፣ ፉንዲው ግን ቀዳዳውን በሽቦ ጫር ጫር አድርጎ ጥቁር ጭቃ አወጣና አፍንጫዬ ሥር ደቀነው።

«ጋሼ፣ ይሄን ማነው ዘይት ያጠጣው?»

«እኔ ነኛ!»

«ዘይት እኮ አቧራ ይጠራል። ተቦክቷል ውስጡ። ደረቅ ነገር ነው የሚፈልገው።»

የልጄን እርሳስ ተቀብሎ ጥቁሩን ፍቆ አደቀቀና ቁልፉን ቀባው። «ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በቀስ» እያለ አስገባው። ቁልፉ ግማሽ ዞረና ቀጥ አለ። ደጋግሞ ሞከረ፣ ያው ነው። ሦስት ሰዓት ሲሆን መሰርሰሪያ ሊያመጣ ወደ ጋራዡ ሄደ።

እውነቱን ልናገር። የኋላ ወንበሩ መደገፊያ ወደ ፊት እንደሚታጠፍ አውቃለሁ። ታጥፎ እጅ ለሰደደ ሰው ሻንጣው ቅርብ ነው። ማጠፊያው የማይታየው ወንበሩን ራሴ በወፍራም ጨርቅ ስላለበስኩት ነው፤ ልጄም ፉንዲውም አያውቁትም። እኔ አውቄ አፌን ዘግቼ ቆምኩ። አውቶቡሱ ዛሬ ቢያመልጣት ነገ ትሄዳለች፣ አንድ ራት አብረን እንበላለን ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ከማን ጋር እንደምበላ አላውቅም ነበር። ያን ጠዋት ብቸኝነቱ ገና ሳትሄድ ጀምሮኝ ነበር።

ልጄ ፀሐዩን ሸሽታ የኋላ ወንበር ላይ ገብታ ተቀመጠች። ታማርራለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋ ጠፋ። ጎንበስ ብዬ ባይ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች ስልኳ ላይ ሰዓት ታያለች።

«ሳዋ አባ፣ ይሁን፤ ቢያመልጠኝም ምንም አይደል» አለችኝ።

ቢላዋ አመጣሁ። ውረጂ አልኳትና ጨርቁን ሸረከትኩት። እጄ ሳይፈልግ፣ ሳይዳብስ፣ በቀጥታ ማጠፊያው ላይ አረፈ። መደገፊያው ወደቀ፣ ሻንጣውን ጎትቼ አወጣሁ። ልጄ እጄን ስታይ ነበር።

ፉንዲው እስኪመለስ ሳልጠብቅ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ነዳሁ። ደረስን፤ ሻንጣው ተጫነ፣ ረዳቱ «ሀራካ! ሀራካ!» እያለ ተሳፋሪውን ያጣድፋል። ልጄ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ዞረች።

«አባ፣ ከመጀመሪያውም ታውቅ ነበር አይደል?»

«አውቅ ነበር።»

ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ወርዳ አቀፈችኝ።

«ታዲያ ለምን ቅሪልኝ አላልከኝም?»

«ብልሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ፈርቼ ነዋ፣ ልጄ።»