ሦስተኛው ማሰሪያ

ናኢማ ነስረዲን በየቀኑ ሥራ ከመጀመሯ በፊት የምታደርገው አንድ ነገር አለ። ትናንት ከማሽኑ ከወጡት ወረቀቶች አንዱን መርጣ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ነጭ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። ከዚያ ያንኑ ሥራ በኮምፒውተሯ ትከፍትና አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ ስክሪኑን ታያለች። መስኮቱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቁ ነው የሚከፈተው፤ ፀሐይ በቀጥታ ስለማይገባበት ብርሃኑ አይዋሽም። ስክሪኑ ይዋሻል። ማሽኑ ደግሞ አሮጌ ነው፤ ጥቁር ቀለም ስለሚያበዛ የጠይም ሰው ፊት ያከስላል። በአደይ ማተሚያ ቤት በቆየችባቸው አምስት ዓመታት ናኢማ የስንቱን ሙሽራ ፊት ከዚህ ማሽን አድናለች።

የመጽሔት ሽፋን ግን ሠርታ አታውቅም። ማተሚያ ቤቱ የሚኖረው በሠርግ ጥሪ፣ በደረሰኝና በቀን መቁጠሪያ ነው። ባለፈው ሳምንት ቴዎ የሚባል የሃያ አራት ዓመት ወጣት መጣና “ምት” የተሰኘ የሂፕሆፕ መጽሔት ሊጀምር መሆኑን ተናገረ። አዘጋጁም፣ አከፋፋዩም፣ ማስታወቂያ ለማኙም እሱ ራሱ ነው። በመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ የምትወጣው ሚስጥር የምትባል ናት፤ የመሸንቲ ከተማ ልጅ፣ በባሕር ዳር ወጣቶች ዘንድ ስሟ መጠራት የጀመረ ራፐር። “መረብ” የሚለው አልበሟ መጽሔቱ በሚወጣበት ሐሙስ ይለቀቃል። ስለዚህ ቴዎ በታንኳ ላይ ቆማ ሊያነሳት ፈለገ።

ታንኳውን ያገኘችላቸው ናኢማ ነበረች። ዓርብ ዕለት ቴዎ ሲደውል አባቷ ጁምዓ ሄዶ ነበር። ከትልቁ ድንጋይ አጠገብ ያለውን፣ አፍንጫው ላይ ሦስት ማሰሪያ ያለበትን እንዲወስዱ ነገረቻቸው። አባቷን አላስፈቀደችም። በዚያ የሐይቁ ዳር የሰው ታንኳ የሚነካ የለም፤ ባለቤቱ ምንም ነገር ትቶበት ቢሄድ በማግሥቱ እዚያው ያገኘዋል። ናኢማ ይህን እያወቀች ያደገች ናት፤ የአባቷ ታንኳ የሰው ታንኳ ስላልመሰላት ብቻ ተሳሳተች።

ሰኞ ጠዋት ቴዎ ፎቶውን በፍላሽ አመጣላት። ጥሩ ፎቶ ነበር። ሚስጥር ኮፍያ ያለው ጥቁር ሹራብ ለብሳ፣ የታንኳውን ረጅም ዘንግ እንደ በትር ይዛ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ዓይኗ ካሜራው ላይ ነው። ከእግሯ ሥር ጀምሮ እስከ ታንኳው አፍንጫ ድረስ የተዘረጋ መረብ አለ፤ የፀሐይ ብርሃን አርፎበት ያብለጨልጫል። መረቡን ታንኳው ላይ በማዳበሪያ ውስጥ ተጠቅልሎ እንዳገኙት፣ ፎቶ አንሺው አውጥቶ እንደዘረጋው ቴዎ በኩራት ነገራት። ሽፋኑ የሚታተምበት ስስ ብረት፣ ፕሌቱ፣ አሥር ሰዓት ላይ መውጣት እንዳለበት አስታውሷት ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

ናኢማ ፎቶውን አጎላችው። የፊቱን ቀለም ለማስተካከል ነበር ያጎላችው፤ እጇ ግን ወደ ታች ወረደ።

ከወፍራም ክር የተሠራ መረብ ፎቶ ውስጥ ጥላ ይጥላል። ይህኛው ጥላ የለውም፤ ብልጭታ ብቻ ነው። ከአንድ ነጠላ የፕላስቲክ ክር የሚሠራውና በሐይቁ ላይ የተከለከለው መረብ ነው። ትልቁንም ጫጩቱንም ዓሣ አይለይም፤ ውኃ ውስጥ ተቆርጦ ቢቀርም ለዓመታት መግደሉን አያቆምም። ይህን ለናኢማ ያስተማራት አባቷ ነው። ነስረዲን የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ተቆጣጣሪ ነው፤ አስጋሪዎቹ ራሳቸው እጅ አውጥተው የመረጡት። በሰኔ ወር እንዲህ ዓይነቱን መረብ ከአሥራ አንድ ሰው ሰብስቦ ዳር ላይ አቃጥሏል። ጭሱ ጥቁር ነበር፤ ሽታው እስከ መስጊዱ ደርሶ ነበር። ከአሥራ አንዱ አንዱ መስዑድ ነው፤ ጎረቤታቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ መስዑድና ነስረዲን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሰግዳሉ እንጂ ሰላምታ አይለዋወጡም።

ታንኳው የማን እንደሆነ ደግሞ ለመጠየቅ የሚቸገር የለም። የደንገል ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው፤ በየጥቂት ወሩ አዲስ ይሠራል። የሰው አስተሳሰር ግን አይለወጥም። ሌላው ሰው ሁሉ የታንኳውን አፍንጫ በሁለት ማሰሪያ ሲያስር ነስረዲን በሦስት ያስራል፤ አባቱም እንዲሁ ነበር የሚያስረው። ሐሙስ መጽሔቱ ሲወጣ አንድ አስጋሪ ሽፋኑን ቢያይ በቂ ነው። ወሬው በሰው እግር ዳር እስኪደርስ አይቆይም፤ በስልክ ይደርሳል።

ናኢማ ሰዓቷን አየች። ሦስት ከሩብ። ሌላም ነገር ነበር፤ ዕለቱ ሰኞ ነው። ሰኞ ሰኞ ነስረዲን የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አደይ የምትገዛውን ሦስት ኪሎ ዓሣ ይዞ ከዝሁር ሶላት በኋላ፣ በሰባት ሰዓት ገደማ ይመጣል።

መጀመሪያ መረቡን ልታጠፋው አሰበች። አልበሙ “መረብ” ሆኖ ሽፋኑ ያለ መረብ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ በፋይሏ ውስጥ ካሉት ፎቶዎች አንድ ሌላ መረብ ፈልጋ ቆረጠች፤ ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ የተፈቀደ። በታንኳው ላይ አስቀመጠችው፤ ጥላ ሠራችለት። አንድ ሰዓት ፈጀባት። ቴዎ ተመልሶ ከኋላዋ ቆመና ስክሪኑን አየ።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለ።

“መረብ።”

“ናኢምዬ፣ ይሄ የጎል መረብ ነው። ሚስጥር ራፐር ናት እንጂ በረኛ ናት እንዴ?”

ናኢማ የመጀመሪያው በጣም ስለሚያብለጨልጭ በማሽኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ እንደሚሆን ነገረችው። ውሸት ነበር፤ ቴዎ ስለ ኅትመት ባያውቅም ውሸቱን ግን ጠረጠረ። ብልጭታውን ነው የሚፈልገው፤ ያ ከሌለ ፎቶውን ማንም በስልኩ ሊያነሳው የሚችል ተራ ነገር እንደሚሆን፣ ሚስጥርም እንደማትቀበለው ነገራት። ካልተቻለ ፋይሉን ይዞ ሌላ ማተሚያ ቤት እንደሚሄድ ጨመረ። በቁጣ አልነበረም፤ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነበር የተናገረው። እውነቱን ልትነግረው ለአፍታ አሰበች። ግን ቴዎ ያየውን ሁሉ በቴሌግራም ቻናሉ ላይ የሚያወጣ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ሺህ ሰው ይከተለዋል።

“እሺ፣” አለችው። “መረቡ ይቆያል።”

አራት ተኩል ሆኖ ነበር። መረቡ ከቆየ፣ የሚቀየረው ታንኳው ነው። ይህ ሐሳብ የመጣላት ቴዎ በሩን ዘግቶ ሲወጣ ነበር፤ ቀላልነቱ አስደነገጣት። ሦስተኛውን ማሰሪያ አጎላችና ከጎኑ ካለው ደንገል ጥቂት ጥቂቱን እየገለበጠች ሸፈነችው። የደንገሉ ጭረት ከላይ ወደ ታች እንዲሄድ፣ ብርሃኑም ከግራ እንዲመጣ ተጠነቀቀች። በእጅ የሚታሰረውን የምታውቅ ስለሆነች በእጅ እንደምትፈታ ሰው ነበር የሠራችው። ስድስት ሰዓት ላይ ጨረሰች። አፍንጫው ላይ ሁለት ማሰሪያ ቀረ። ታንኳው የማንም ሆነ።

ቴዎ አየና ሳቀ። ምን እንደተቀየረ አላወቀም፤ መረቡን ነበር የሚያየው። ከፊደሉ ቀለም በስተቀር ምንም አልነቀፈም። ወይዘሮ አደይ ከውስጥ ሆና ፕሌቱ ደረሰ ወይ ብላ ጠየቀች፤ ናኢማ የቀለም ናሙና ብቻ እንደቀራት መለሰችላት። ናሙናውን አትማ በግድግዳው ላይ፣ በየቀኑ በምትለጥፍበት ቦታ ላይ ለጠፈችው። አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ ስክሪኑን አየች። የሚስጥር ፊት ጥሩ ወጥቷል።

ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ነስረዲን ዓሣውን በፌስታል ይዞ ገባ። ናሙናውን ከግድግዳው ልታነሳው ብድግ ብላ ነበር፤ ግን አባቷ ዓይኑ ቀድሟት እዚያ ደርሶ ነበር። ያነሳችውን እጇን መልሳ አወረደች።

ነስረዲን ሽፋኑ ፊት ቆመ። ፊደሉን አላነበበም፤ ሰው ከሩቅ የሚመጣ ታንኳ እንደሚያይ ነበር የሚያየው።

“ይች ልጅ ዋና ትችላለች?” አለ።

“አላውቅም፣ አባዬ።”

“ጠርዝ ላይ ነው የቆመች። ነፋስ ቢመጣ ዓሣ ትሆናለች።” ትንሽ ጠጋ አለ። “መስዑድ ነው ታንኳውን የሰጣችሁ?”

ነስረዲን መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። በዓይኑ ከታንኳው አፍንጫ ጀምሮ ወደ ኋላ ሄደ፤ ከኋላ በኩል ደንገሉ ተሰንጥቆ በአዲስ የተጠገነበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቱን አስቀመጠና እዚያው አቆየው። ጥገናው የራሱ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በፊት የሠራው። ከዚያ ጣቱ ወደ መረቡ ሄደ፤ መረቡ ጠርዝ ላይ ተንሳፋፊ እንዲሆኑ ወደታሰሩት፣ ከቀይ ነጠላ ጫማ ወደተቆረጡት ክብ ቁራጮች። ናኢማ እነዚህን አይታቸው ነበር፤ ምንም አልነገሯትም ነበር።

“ሦስተኛውን ማሰሪያ ማን ፈታው?” አለ በዝግታ።

“እኔ ነኝ። ታንኳውንም የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ ሳላስፈቅድዎ። መረቡ እንዳለ አላወቅሁም።”

ነስረዲን ዓሣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከፌስታሉ ውኃ እየተንጠባጠበ ወደ ወረቀቶቹ ሲሄድ ናኢማ ወረቀቶቹን ሳበች። አባቷ አላየም።

“አሥራ አንድ ሰብስቤ አሥር ነው ያቃጠልሁት፣” አለ። “አንዱ አዲስ ነበር። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሁለት ጊዜ ሐይቁ ላይ ጣልሁት፤ ሁለት ጊዜ ብቻ።” ቀዩን ቁራጭ በጣቱ ነካ። “እንዲህ አድርጎ ነጠላ ጫማ የሚቆርጥ በዚህ ዳር አንድ ሰው ነው። መረቡ የመስዑድ ነው። አንች ደግሞ አሁን ታንኳውንም የመስዑድ አደረግሽው።”

ናኢማ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከጠዋት ጀምሮ ያላየችውን አሁን አየችው። ታንኳው የማንም ሳይሆን የመስዑድ ሆኖ ነበር። ሁለት ማሰሪያ፣ ቀይ ቁራጭ፣ የተከለከለ መረብ፤ በሰኔ የተቀጣው ሰው በጥቅምት ደገመው ይባላል። መስዑድን የሚቀጣውም ራሱ ነስረዲን ይሆናል፤ ተቆጣጣሪው እሱ ነውና።

“መስዑድ አይቶ ምን ይላል?” አለች፤ አባቷን ሳይሆን ራሷን እንደመጠየቅ።

“መስዑድ ያውቀዋል። መረቡ በማን እጅ እንደነበር ያውቃል። ግን የሚያምነው የለም።” ነስረዲን መነጽሩን አጠፈ። “ማሰሪያየን መልሽው።”

“ሐሙስ ሰው ሁሉ ያያል፣ አባዬ። ከማኅበሩ ያስወጡዎታል።”

“የማኅበሩ ስብሰባ ረቡዕ ነው፤ ሐሙስ አይደለም። መልሽው አልሁሽ።”

የዲዛይን ሥራ በሌየር ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ እንደ ስስ ወረቀት ይነባበራል እንጂ ከሥር ያለው አይጠፋም። አንድ ሰዓት ተኩል የፈጀውን ሥራ ለማንሳት አንዲት ትንሽ ምልክት መጫን በቂ ነበር። ናኢማ ተጫነችው። ሦስተኛው ማሰሪያ በቦታው ተመልሶ ታየ። ነስረዲን ስክሪኑን ተመለከተ፤ በትክክል የታሰረ መሆኑን እንደሚያረጋግጥ ሰው ጥቂት ቆየ። ከዚያ የዓሣውን ሒሳብ ሳይቀበል ወደ በሩ ሄደ።

ወይዘሮ አደይ ከውስጥ ወጥታ ነስረዲን ምን ሆኖ ሳይሰናበታት እንደሄደ ጠየቀች። ናኢማ ቸኩሎ ነው አለቻት። በመስኮቱ ስታይ አባቷ ወደ ቤታቸው የሚወስደውን መንገድ ትቶ ወደ መስዑድ ቤት የሚወስደውን ይዞ ነበር። አልቸኮለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቴዎ መጥቶ የመጨረሻውን ናሙና አየና ፈረመበት። ማሰሪያው መመለሱንም አላስተዋለም። ናኢማ ጥቁሩን ቀለም በአሥራ ሁለት ከመቶ ቀነሰች፤ የሚስጥርን ፊት ለማዳን። መረቡን አልነካችውም።

ፕሌቱ አሥር ሰዓት ላይ ወጣ። ማሽኑ ማክሰኞ ጠዋት ሽፋኑን ማተም ይጀምራል፤ አንድ ሺህ አምስት መቶ ቅጂ። ረቡዕ በሦስት ሰዓት የማኅበሩ አባላት ዳር ላይ ይሰበሰባሉ፤ መጀመሪያ የሚናገረው ነስረዲን ነው፤ መረቡንም በማዳበሪያው ይዞ ይመጣል።