ካልታወቀ ምንጭ

በኬንያው ሞያሌ ውስጥ አፕ ከኢንተርኔት ሱቅ የሚያወርድ ሰው ያኔ አላየሁም። ኔትወርኩ ያዘግማል፣ ሲፈጥን ደግሞ ክሬዲት ይበላል። አንዱ ስልክ ላይ ካለ ሌላው በብሉቱዝ ይቀበላል፤ ከጎረቤት ጨው እንደመበደር ነው። ስልኩ "ይህ ካልታወቀ ምንጭ የመጣ ነው፣ ሊጎዳ ይችላል፣ ይፈቅዳሉ?" ይላል። እንፈቅዳለን። እዚህ ከተማ ከታወቀ ምንጭ የመጣ ምን አለ? ስኳሩ፣ ፓስታው፣ የለበስኩት ሱሪ። እኔ ራሴ በስደት ስገባ አንዲት ወረቀት አልነበረችኝም። ኬንያ ፈቀደች። እስካሁንም ብዙ አልጎዳኋትም፣ ከምግብ ቤቴ ሽሮ በቀር።

ታዲያ ጉራ አላስቀምጠኝ አለና ከናይሮቢ ውድ ስልክ አስመጣሁ፣ ጀርባው እንደ መስታወት የሚያበራ። የድሮውን ለወጥ ቤቷ ሰጠኋት። ሰዓት ያልጠየቀኝን ሁሉ ሰዓት ስነግር ከረምኩ።

በዚህ መሀል እህቴ ጻፈችልኝ። ሀዋሳ የምትኖር፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት፣ በኩርኩም። ለአባታችን ተዝካር ሳልሄድ በመቅረቴ ሦስት ዓመት አኩርፋኝ ነበር። ብደውል አታነሳም። አሁን "አለህ?" ብላ ላከች። ደንግጬ ወዲያው በእንግሊዝ ፊደል አማርኛ ጻፍኩላት፤ አዲሱ ስልኬ የአማርኛ ፊደል ያሳያል እንጂ አይጽፍም። መልሷ መጣ፦ "ይሄን አላነብም። በፊደልህ ጻፍ።"

ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ሰው በሩን ገርበብ አድርጎልኝ እኔ እጄ ታስሯል።

ወጥ ቤቷ ጋ ሄድኩ። እሷ ስልክ ላይ፣ ማለትም የእኔው የድሮ ስልክ ላይ፣ የአማርኛ መጻፊያ አለ። በብሉቱዝ ላከችልኝ። አዲሱ ስልኬ እንዳላየ ሆነ። ደግማ ላከች። አይጠይቅም፣ አያስፈራራም፣ በቃ አይቀበልም። ለምን በእሷ ስልክ እንደማልጽፍ ጠየቀችኝ። ለእህቴ የምለውን ነገር እሷ ስልክ ላይ ከተውኩማ ሽንኩርቱ ሳይበስል ከተማው ይሰማዋል።

ከቡቲዬ ሰፈር በቦዳቦዳ ሞተር እየተመላለሰ ስልክ የሚጠግን ፈንዲ አለ። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው። ሽማግሌ ሁሉ ለእሱ ምዜ ነው።

"ምዜ፣ ይሄ ስልክ ያንተ አይደለም።"

ደረሰኙን አወጣሁ። ሳያየው መለሰልኝ። "መግዛቱን ገዝተሃል። ምን እንደሚገባበት የሚወስኑት ግን የሠሩት ሰዎች ናቸው። ፍየል ሽጦልህ፣ ፍየሏ ምን እንደምትበላ ቤትህ መጥቶ የሚወስን ሰው አይተሃል?" ቦረና ነው፣ ነገሩ ሁሉ በከብት ነው። መቆለፊያውን መስበር እንደሚችል፣ ስልኩ ከሞተ ግን እንዳላለቅስበት ነገረኝ። ልጇን ከመርፌ እንደምታሸሽ እናት ከእጁ ነጠቅኩት።

እዚህ ላይ ማሰብ ጀመርኩ፤ ጥፋቴ ሁሌም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስልኩ አማርኛ የከለከለኝ ኬንያ ስላለ ነው፣ ባሻግረው ይገባዋል አልኩ። እኛ ጋ ይሄ ቀላል ነው፤ ሰው ሲም ቀይሮ ኢትዮጵያ ገብቶ በርበሬ ገዝቶ ለምሳ ይመለሳል። የኢትዮጵያውን ሲም ከተትኩ፣ ተሻገርኩ፣ ኬላው አጠገብ ቆሜ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋሁት። አጠፋሁት፣ አበራሁት። የሚያውቀኝ ፖሊስ ሲያየኝ ቆይቶ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀኝ።

"አገሩን እያሳየሁት ነው።"

"ታዲያ አወቀው?"

"እንጃ፣ ዝም ብሏል።"

"መታወቂያ ጠይቀዋ" ብሎኝ ሄደ።

ምግብ ቤቴ ተመልሼ ተዘረጋሁ። ወጥ ቤቷ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን የነገ ምግብ እንድጽፍላት ሰጠችኝ። "ሽሮ" ብዬ ጻፍኩ። "ተጋቢኖ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ እጄን አየሁት። ይሄ እጅ በየቀኑ አማርኛ ሲጽፍ የማንንም ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም። እኔ ደግሞ አገር ለአገር ስዞር ይዤው ነው የዋልኩት።

ወረቀቱን ገለበጥኩ። ለተዝካሩ የቀረሁት ንቄ እንዳልሆነ፣ ባዶ እጄን አባቴ ቤት መግባት አፍሬ እንደሆነ፣ ለማንም የማልናገረውን ሁሉ ጻፍኩ። በውዱ ስልኬ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ካሜራውን አላማውም፣ የዘይቱ ነጠብጣብ ሳይቀር ወጣ።

መልሱ የመጣው በማግስቱ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው፦ "ዘይትህ ይታያል። ጽሕፈትህ ዛሬም ንፋስ የጣለው አጥር ይመስላል። ከአሥር አምስት። ቀሪውን ለፋሲካ መጥተህ ትሞላለህ።"

ለወጥ ቤቷ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ጮክ ያልኩት ሽንኩርቱ ሳይበስል ከተማው እንዲሰማ ነው።