ክዳን የሌለው ትሪ

እዚህ በስደት ከተማችን፣ ዳንደኖንግ ገበያ አንድ ሰው የመዳብ ትሪ ሲቀጠቅጥ ሰማሁና፣ በዘጠናዎቹ በዚሁ ከተማ ብሬብሩክ ሰፈር የበላነው የኢድ ምሳ ትዝ አለኝ።

አባቴ አገር ቤት ቀጥቃጭ ስለነበር ቡዳ ነው ይሉት ነበር። የዚያን ቀንም ገና ሲገባ አንዲት እንግዳ ሳህኗን በሻሿ ሸፈነች።

"ግለጪው!" አሏት ሽማግሌው ጋሼ ሰይድ። "በጥንት ፋርስ የሳፋሪዶችን መንግሥት ያቆመው መዳብ ቀጥቃጭ ነበር። ስማቸው ራሱ ከሙያው የመጣ ነው። ከሊፋው እንኳ ፈርቶታል!" ወደ አባቴም ዞረው፣ "ና፣ ከጎኔ ተቀመጥ" አሉት።

አባቴ ከጎናቸው ተቀምጦ ከሁሉ ቀድሞ ቆረሰ። ሴትዮዋ ሳህኗን አልገለጠችም። እኔ ግን ዓይን ዓይኗን እያየሁ ጎረስኩ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምሳ የለም።

ትሪውን ገዛሁት። ሰውየው "ክዳንም አለው" ቢለኝ፣ "አያስፈልገውም" አልኩት።